ሲቀበሉ ዘመድ፣ ሲሰጡ ባዳ

እድርተኛና የኢንሹራንስ ደንበኛ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ክፉ ቀን ሳይመጣ ይከፍላሉ። የሚለያዩት ክፉው ቀን የመጣ ዕለት ነው። እድርተኛው ቤት ለቀስተኛው ሳይሞላ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩና ሰሃኑ ይመጣል፣ ገንዘቡም ይቆጠራል። የእድሩ ዳኛ “ሟች በእርግጥ መሞታቸውን የሚያስረዳ ሦስት ፕሮፎርማ አቅርብ” አይልም። የኢንሹራንሱ ደንበኛ ግን አደጋው ከደረሰበት ሰዓት ጀምሮ ደንበኛነቱ ይቀርና ተጠርጣሪ ይሆናል። አረቦን ሲከፍል “ጋሼ” እየተባለ የኖረ ሰው፣ ካሳ የጠየቀ ለት “አመልካች” ይባላል።

የኢንሹራንስ ነገር ሲነሳ ብሶት የሌለው ሰው የለም። አርባ ምንጭ ላይ ከሲቀላ ተሳፍራችሁ ወሬውን ጀምሩት፤ ሴቻ ሳትደርሱ ሦስት ሰው ሦስት ታሪክ ይነግራችኋል። እኔ ግን ብዕሬን ያነሳሁት “ኢንሹራንሶች ሌቦች ናቸው” ለማለት አይደለም። እሱማ ቀላል ነው፤ ደግሞም እውነት አይደለም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ኩባንያዎቹ መናገር ባለባቸው ቀን ዝም ይላሉ። ዝም ያሉትን ነገር ደግሞ ካሳ የተጠየቁ ዕለት ከውሉ ላይ አውጥተው ያነቡታል። በዚህ አሠራር ከሁሉም በላይ የሚጎዳው የቆየው፣ የሚያምነው፣ ዓመት በዓመት ሳይጠይቅ የሚያድሰው ደንበኛ ነው።

የአንድ ፋይል ታሪክ

አጎቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሴቻ ውስጥ በዕድሜያቸው ያቆሙት አንድ ቤትና አንድ አሮጌ ኮሮላ አላቸው። ሁለቱንም በአንድ ኩባንያ (ስሙን ለጊዜው ልተወው) ኢንሹራንስ ካስገቡ 17 ዓመታቸው ነው። በነዚህ ዓመታት አንድም ቀን የክፍያ ጊዜ አላሳለፉም፤ አንድም ቀን ካሳ ጠይቀው አያውቁም።

በመጋቢት 2017 ዓ.ም ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ በሚያወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ ጭጋግ ውስጥ፣ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጩ። እግዜር ይመስገን ሰው አልተጎዳም። የኮሮላዋ ፊት ግን የነበረ አይመስልም። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ወጣ። ጋራዡ 450,000 ብር የሚል ፕሮፎርማ ሰጠ። ቅርንጫፉ “ይኼ ከእኛ ሥልጣን በላይ ነው፣ ለዋናው መሥሪያ ቤት ልከነዋል” አለ። ከአዲስ አበባ ሰርቬየር ይመጣል ተባለ፤ ሁለት ወር ተጠበቀ። መጣና ፎቶ አንስቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ያለው የምታውቁት ነው፤ “ፋይሉ ኮሚቴ ጋ ነው”፣ “የሚፈርሙት ሰው ፈቃድ ላይ ናቸው”፣ “ሕግ ክፍል እየታየ ነው”፣ “የሚቀጥለው ሳምንት ብቅ ይበሉ።”

በሰባተኛው ወር ደብዳቤ መጣ። የደብዳቤው ሒሳብ እንዲህ ይነበባል። አሮጌው ዕቃ በአዲስ ስለሚተካ የእርጅና ተቀንሶ ጉዳቱ 360,000 ብር ሆነ። ኮሮላዋ ኢንሹራንስ የገባችው በ600,000 ብር ነው፤ ሰርቬየሩ ግን የገበያ ዋጋዋ 1,500,000 ብር ነው ብሏል። ስለዚህ ዋስትና ያላት 40 በመቶዋ ብቻ ነው ተባለ። የ360,000 ብር 40 በመቶ 144,000 ብር ነው። ከዚያ ላይ ኤክሰስ 10,000 ብር ሲነሳ 134,000 ብር ይቀራል። ጋራዡ ከጠየቀው ውስጥ 316,000 ብሩን ጡረተኛው ከየትም ያምጡት!

አጎቴ ደብዳቤውን ይዘው ቅርንጫፉ ሄዱ። “ልጄ፣ የመኪናዬ ዋጋ መጨመሩን ያወቃችሁት መቼ ነው?” ብለው ጠየቁ። “ሰርቬየሩ ሲገምታት ነው ጋሼ” አለች ልጅቷ። “ጥቅምት ላይ አረቦኑን ስትቀበሉኝስ?” መልስ አልነበረም። ልጅቷም ምን ታድርግ? የተሰጣትን ነው የምትናገረው። የሚያስቀው ደግሞ (ካሳቀ) በዚያው ሰሞን ከዚያው ኩባንያ በአጎቴ ስልክ የገባው መልእክት ነው፤ “ውድ ደንበኛችን፣ የኢንሹራንስዎ ጊዜ ሊያበቃ ስለሆነ እንዲያድሱ እናስታውሳለን።”

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ቀኑን ማስታወስ የቻለ ስልክ ዋጋውን ማስታወስ ለምን አቃተው?

“አቬሬጅ” የተባለው ወጥመድ

ይህ ኢንሹራንሶች “አቬሬጅ” የሚሉት ስሌት የእኛ አገር ፈጠራ አይደለም። በመላው ዓለም ያለ የሙያው ደንብ ነው፤ አመክንዮም አለው። 1,500,000 ብር የሚያወጣ ንብረት ያለው ሰው የ600,000 ብር አረቦን ብቻ እየከፈለ ሙሉ ካሳ ይውሰድ ቢባል፣ በትክክለኛው ዋጋ የሚከፍለው ጎረቤቱ ተበድሏል ማለት ነው። ስለዚህ በጎደለው ልክ ባለ ንብረቱ ለራሱ ዋስ እንደሆነ ይቆጠራል። እስከዚህ ድረስ ክርክር የለኝም።

ክርክሬ ያለው ያ ጉድለት ከየት መጣ የሚለው ላይ ነው። አጎቴ ዋጋ ደብቀው አይደለም። መኪናዋን ያስገመቱት በጊዜው ዋጋ ነበር። ከዚያ በኋላ የሮጠው ገበያው ነው። በ2016 ዓ.ም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ ያለችው አሮጌ መኪና ዋጋ ሰማይ ወጣች። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ገበያው ተለቀቀ፤ በ57 ብር ገደማ የነበረ አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ቆርቆሮው፣ ሲሚንቶው፣ መለዋወጫው ሁሉ ተከትሎ ወጣ። በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው የኢንሹራንስ ወረቀት ግን በተጻፈበት ቁጥር ቆመ። ሰውዬው ሳይነቃነቅ፣ ምንም ሳያጠፋ፣ ባለ ሙሉ ዋስትና የነበረው ባለ ግማሽ፣ ኋላም ባለ ሲሶ ዋስትና ሆነ።

ይህን ቀድሞ የማወቅ አቅም ያለው ማን ነው? ኩባንያው በየቀኑ መኪና ይገምታል፣ መለዋወጫ ይገዛል፣ የተጎዳ መኪና በጨረታ ይሸጣል። የገበያውን ዋጋ ከደላላ እኩል ያውቃል። ጡረታ የወጣ መምህር ወይስ ኩባንያው ነው “ዋጋው አልፎበታል” ማለት ያለበት?

ደግሞ ሌላም አለ። ነገሩ ተገልብጦ ደንበኛው ንብረቱን ከዋጋው በላይ ኢንሹራንስ ቢያስገባስ? 800,000 የምታወጣ መኪና በ1,000,000 ብር ቢያስመዘግብና ሙሉ በሙሉ ብትወድምበት 1,000,000 ይሰጠዋል? አይሰጠውም! “መድን ካሳ ነው እንጂ ትርፍ አይደለም” ተብሎ የዕለቱ የገበያ ዋጋ ብቻ ይከፈለዋል። ይህም ደንብ በራሱ ትክክል ነው። ሁለቱን ደንቦች አንድ ላይ ስታስቀምጧቸው ግን የሚታየው ሥዕል ሌላ ነው። ዋጋ ሲወርድ ትርፍ አረቦን የከፈለው ደንበኛው ነው፤ ዋጋ ሲወጣ ጉድለቱን የሚሸፍነውም ደንበኛው ነው። ሚዛኑ ወዴትም ቢያዘነብል የሚጎድለው ከአንድ ኪስ ነው።

ቤቱስ?

በቤቱ በኩል ያለው ጉድ ይብሳል። ሰው “ቤቴ ኢንሹራንስ አለው” ሲል ከማንኛውም አደጋ የተጠበቀ ይመስለዋል። ብዙውን ጊዜ የተሰጠው ግን የእሳትና የመብረቅ ዋስትና ነው። ጎርፍ፣ የመሬት መንሸራተት፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ሁከትና ብጥብጥ በስማቸው ተጠርተው፣ ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎባቸው ካልገቡ በስተቀር የሉበትም።

አሁን እስቲ ይህንን ወረቀት ይዛችሁ አርባ ምንጭን ተመልከቷት። ክረምት ሲገባ ኩልፎ ወንዝ ምን ይዞ እንደሚወርድ የማያውቅ የሲቀላ ሰው የለም። ከተማዋ የተቀመጠችው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ትናንት ከእኛ ጋር አንድ ዞን በነበረችው ጎፋ፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም ተራራው ተንዶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን በልቷል። እንዲህ ባለ ምድር ላይ ለሚኖር ሰው “እሳትና መብረቅ” ብቻ ሸጦ ዝም ማለት፣ ዝናብ ለሚመታው ሰው የፀሐይ ባርኔጣ እንደ መሸጥ ነው። ሻጩ አላታለለም፤ ባርኔጣው እውነተኛ ነው። ግን ምን ዋጋ አለው?

ሁከቱንም እናንሳው። በመስከረም 2011 ዓ.ም በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ የደረሰው ግድያ ሲሰማ አርባ ምንጭ ላይ ወጣቱ ለበቀል ተነሳ። ያን ቀን የሰውን ነፍስና ንብረት ያዳነ የኢንሹራንስ ፖሊሲ አልነበረም። እርጥብ ሳር ይዘው መንገድ ላይ የተንበረከኩት የጋሞ አባቶች ናቸው ያዳኑት። እነሱ ባይኖሩና ቤት ቢቃጠል ኖሮ፣ ተራ የእሳት ዋስትና የነበረው ሰው ወረቀቱን ይዞ ሲሄድ “ይኼ እሳት የሁከት እሳት ነው” ይባል ነበር። እሳትም እንደ ሰው ዘር ይቆጠርለታል ማለት ነው!

በማያነቡት ቋንቋ መፈረም

ለመሆኑ ደንበኛው ይህን ሁሉ ከየት ይወቅ? አብዛኛው ፖሊሲ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ያውም ጠበቃ በሚያደናግር እንግሊዝኛ፣ በደቃቃ ፊደል። የላንቴና የጫኖን ሙዝ በአይሱዙ ጭኖ ሌሊቱን ወደ አዲስ አበባ የሚነዳ ሰው፣ ጨንቻ ላይ ፖም የሚሸጥ ነጋዴ፣ ዶርዜ ላይ ሸማ ሠርቶ ቤት ያቆመ ሸማኔ ይህን ወረቀት አንብቦ ይፈርማል ብሎ የሚያምን አለ? ጋሞ በዱቡሻ ሲሰበሰብ ነገር በግልጽ ይነገራል፣ ሁሉም ይሰማል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚያስረው። እዚህ ግን ከታሰረ በኋላ ነው ነገሩ የሚነገረው።

ሕጋችን በዚህ በኩል ጨርሶ ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንዱ ወገን ብቻ ባዘጋጀው የውል ቅጽ ላይ ያለ አጠራጣሪ ቃል ለሌላው ወገን በሚጠቅም መንገድ እንዲተረጎም ያዛል። ብሔራዊ ባንክም በ2012 ዓ.ም የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ አውጥቷል። ታዲያ ምን ያደርጋል? መብቱ መኖሩን የማያውቅ ሰው፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ያለ ዋና መሥሪያ ቤትን ለመክሰስ ጠበቃ፣ ትራንስፖርትና አልጋ ሲያሰላ “ይቅርብኝ” ብሎ 134,000 ብሩን ፈርሞ ይወስዳል። ኩባንያው ይህን ያውቃል።

የጊዜውንም ነገር ተመልከቱ። የመድን ክፍሉ እስካሁን የሚሠራበት የ1952ቱ የንግድ ሕግ፣ ደንበኛው አደጋው መድረሱን ባወቀ በአምስት ቀን ውስጥ እንዲያስታውቅ ያስገድደዋል። ክሱንም በሁለት ዓመት ውስጥ ካላቀረበ ይታገድበታል። ኩባንያውስ በስንት ቀን ይክፈል? በፖሊሲው ላይ በተጻፈው ጊዜ። ፖሊሲውን የሚጽፈው ማን ነው? ኩባንያው! ለአንዱ ሰዓት ተሰጠው፤ ለሌላው ሰዓቱንም ቁልፉንም ሰጡት።

እነሱስ ምን ይላሉ?

ለእውነት እንቁም። ኩባንያዎቹም የሚሉት አላቸው። መኪና ኢንሹራንስ ለእነሱም ራስ ምታት ነው። 200,000 ብር የሚፈጀውን “ኢንሹራንስ ነው የሚከፍለው” ብሎ 400,000 የሚጽፍ ጋራዥ አለ። አውቆ የሚያጋጭ፣ የሰበረውን ሌላ ቀን ተሰበረ የሚል ደንበኛም አለ። መለዋወጫ ዛሬ በጠየቁት ዋጋ ነገ አይገኝም። ገበያ ለመሻማት አረቦን እያወረዱ እርስ በርስ የሚበላሉትም እነሱው ናቸው። ይህ ሁሉ እውነት ነው።

ግን ይህ ሁሉ ለ17 ዓመት አንድ ብር ካሳ ያልጠየቀን ሰው ሰባት ወር ለማንከራተት ምክንያት ይሆናል? አጭበርባሪውን የሚይዙት ፋይል በማዘግየት ነው? አጭበርባሪውማ መንገዱን ያውቀዋል፤ ማንን ማናገር እንዳለበትም ያውቃል። በመዘግየቱ የሚደማው የዋሁ ነው።

ታሪኩን ለሚያስታውስ ሰው ደግሞ ነገሩ ያሳዝናል። ደርግ በ1967 ዓ.ም 13 የኢንሹራንስ ኩባንያዎችን ወርሶ በ1968 ዓ.ም በአንድ የመንግሥት ድርጅት አጠቃለላቸው። በ1986 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 86 ወጥቶ ለአገር ውስጥ ባለሀብት በሩ ሲከፈት የተነገረን “ውድድር ይመጣል፣ ደንበኛ ንጉሥ ይሆናል” የሚል ነበር። ዛሬ ከመንግሥቱ ድርጅት ሌላ ከ15 በላይ የግል ኩባንያዎች አሉ። ውድድሩስ መጥቷል፤ የመጣው ግን አረቦን መቀበያው መስኮት ላይ ነው። ካሳ መክፈያው መስኮት ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ሰልፍ፣ አንድ ዓይነት “ነገ ይምጡ” ነው ያለው።

ሌላው አገር እንዴት አደረገ?

የቆየ ደንበኛን መበዝበዝ የሀብታም አገርም በሽታ ነው። እንግሊዝ አገር የፋይናንስ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ባጠናው ጊዜ፣ ስድስት ሚሊዮን የቤትና የመኪና ኢንሹራንስ ደንበኞች ሳይጠይቁ ዓመት በዓመት በማደሳቸው ብቻ ከሚገባው በላይ ይከፍሉ እንደነበር አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2018 ብቻ ትርፉ 1.2 ቢሊዮን ፓውንድ ነበር። ጥናቱን መደርደሪያ ላይ አላስቀመጡትም፤ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ነባሩን ደንበኛ ከአዲሱ የበለጠ ማስከፈል ተከለከለ። “ያ እንግሊዝ ነው” ካላችሁ ጎረቤታችንን ኬንያን እዩ። የኢንሹራንስ ሕጋቸው ካሳ በተጠየቀ በ90 ቀን ውስጥ እንዲከፈል ይላል። ሕግ ሁሉ ይፈጸማል አልልም፤ ግን ኬንያዊው ቢያንስ የሚቆጥረው ቀን አለው። የአጎቴ ፋይል ከ200 ቀን በላይ ሲተኛ ማንም “አለፈብህ” ያለው የለም።

የምንጠይቀው

ስለዚህ ጥያቄው ለብሔራዊ ባንክም ለኩባንያዎቹም ነው። አንደኛ፣ ኢንሹራንስ በሚታደስበት ጊዜ ኩባንያው የንብረቱን የወቅቱን ዋጋ ግምት ለደንበኛው በጽሑፍ ይንገር። ነግሮት ደንበኛው እምቢ ካለ አቬሬጁ ይምጣበት፤ ሳይነግረው ከቀረ ግን ጉድለቱን ኩባንያው ይሸከም። ሁለተኛ፣ ፖሊሲው ደንበኛው በሚያነበው ቋንቋ ይጻፍ፤ ምን ምን እንደማይሸፈን በመጀመሪያው ገጽ ላይ በትልቅ ፊደል ይውጣ። ሦስተኛ፣ ለካሳ ክፍያ ቀን ይቆረጥ፤ ቀኑ ሲያልፍ ወለድ ይታሰብ። አራተኛ፣ አረቦን ለመቀበል ሥልጣን ያለው ቅርንጫፍ መካከለኛ ካሳ ለመወሰንም ሥልጣን ይኑረው። አርባ ምንጭ ላይ የተከፈለ ገንዘብ አዲስ አበባ ላይ ለምን ይለመናል?

ይህ ሁሉ እስኪሆን ድረስ እኛስ? አደጋ ሲደርስ አምስት ቀን አታሳልፉ። የምትሰጡትን ወረቀት ሁሉ ቅጂ ይዛችሁ ገቢ መሆኑን በማኅተም አስመቱበት፤ በቃል የተነገረ “እሺ” ፋይል ውስጥ አይገባም። ሁለት ዓመቱ እንዳያልፍባችሁ ቁጠሩ። ከሁሉ በፊት ግን የሚቀጥለውን አረቦን ከመቁጠራችሁ በፊት መስኮቱ ላይ ቆማችሁ አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፤ “ይህ ንብረት ዛሬ ማታ ቢጠፋ፣ ነገ ጠዋት ስንት ብር ትሰጡኛላችሁ? ግማሹ ቢጎዳስ?”

መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። በጽሑፍ አንሰጥም ካሏችሁ መልሱን አግኝታችኋል።